ላፕቶፑ ለምን ከቦርሳ ይወጣል? ፓወር ባንኩስ ለምን ከታች አይጫንም?

ፓወር ባንኬን ያስወሰደብኝ ራሱ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርካቶ የገዛሁት፣ ከላዩ ላይ በትልቁ «50,000» ተብሎ የተጻፈበት፣ ግን ስልኬን ሁለት ጊዜ ከሞላ ተመስገን የሚያስብል ፓወር ባንክ ነበረኝ። ትራንዚት ባደረግኩበት አንድ አየር ማረፊያ ፈታሿ ከቦርሳዬ አወጣችው፣ አገላብጣ አነበበችው፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ከጎኗ ያለው ሳጥን ውስጥ ጣል አደረገችው። «ውሸት እኮ ነው፣ ይህን ያህል አይዝም» ልላት አሰብኩ። ግን ማን ያምነኛል? ሳጥኑ ውስጥ የእኔን የመሰሉ ብዙ ተደርድረዋል።

የዚያን ቀን ተናድጄ ነበር የተሳፈርኩት። በኋላ ደንቡን ቁጭ ብዬ ሳጣራ ግን ልጅቷ ልክ እንደነበረች ገባኝ። ሌላም ነገር ገባኝ። የአየር ማረፊያ ፍተሻ ሕጎች እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉን ለምን እንደሆነ። ላፕቶፕ አውጡ፣ ስልክ ግን ይቅር ይላሉ። ሻምፑ ከታች ይጫን፣ ፓወር ባንክ ግን ከታች እንዳይጫን ይላሉ። አንዱ አየር ማረፊያ «አውጣ» ይላል፣ ሌላው «ማን አውጣ አለህ?» ብሎ ይቆጣል።

ምክንያቱ ከሕጎቹ ጀርባ ያለው ፍርሃት አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ ፈንጂ ነው፣ ሌላው እሳት። የመጀመሪያው ላፕቶፕህን ከመንገደኛው ክፍል ማራቅ ይፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ አጠገብህ እንዲሆን ይፈልጋል። ሁለቱ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚጎትቱት።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑ ምን ያያል?

ቦርሳችሁ የሚያልፍበት የተለመደው የኤክስሬይ ማሽን እንደ ፎቶ ካሜራ አይደለም፣ ዕቃውን አሳልፎ ነው የሚያየው። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ምስል በቀለም ይለያል። ምግብ፣ ወረቀት፣ ልብስ፣ ፕላስቲክ የመሳሰሉት ብርቱካናማ ሆነው ይታያሉ። ብረት ሰማያዊ ነው። በመሃል ያሉት አረንጓዴ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አብዛኞቹ ፈንጂዎችም የሚታዩት ከምግብ ጋር በአንድ ቀለም፣ በብርቱካናማ ነው። እናታችሁ የቋጠሩላችሁ በርበሬና ሽሮም እዚያው ናቸው።

አሁን በዚያ በርበሬ ላይ ላፕቶፕ አስቀምጡበት። ላፕቶፕ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ባትሪ፣ ቦርድ፣ የብረት ሽፋን፣ ሽቦ አለው። ምስሉ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ ከላይ ያለውና ከታች ያለው አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ስለዚህ ላፕቶፑ ሁለት ነገር ይሸፍናል። ከሥሩ ያለውን ዕቃ ይጋርዳል፣ የራሱ ውስጥም በሌላ ዕቃ ተጋርዶ በደንብ አይታይም። ብቻውን ትሪ ላይ ሲተኛ ግን ፈታሹ ባትሪው የት እንዳለ፣ መኖር የሌለበት ነገር እንዳለ፣ ሁሉንም ለይቶ ያያል። «ከላዩ ምንም አታስቀምጡበት» የሚሉትም ለዚሁ ነው። ጃኬታችሁን ላፕቶፑ ላይ ከወረወራችሁበት ማውጣታችሁ ዋጋ የለውም፣ እንደገና ያሳልፉታል።

ስልክስ ለምን ይቀራል? ትንሽ ስለሆነ ብዙ ነገር አይጋርድም፣ ውስጡም ብዙ ነገር ለመደበቅ ጠባብ ነው። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ቲ.ኤስ.ኤ፣ በ2017 ያወጣው ደንብ ድንበሩን እዚሁ ላይ ነው ያሰመረው። በተለመደው መስመር ላይ ከስልክ የሚበልጥ ኤሌክትሮኒክስ በሙሉ ከቦርሳ ይወጣል። ታብሌትም፣ የጌም መጫወቻም ጭምር። ቀድመው ተመዝግበው የተጣሩ፣ ፕሪቼክ የሚባለው መስመር ያላቸው መንገደኞች ግን አያወጡም።

ታዲያ «ማን አውጣ አለህ?» የሚሉት እነማን ናቸው? አዲሱን ማሽን ያስገቡት። እሱ ሆስፒታል እንዳለው ሲቲ ስካን በቦርሳው ዙሪያ እየዞረ ብዙ ምስል ያነሳና አንድ ላይ አገናኝቶ በሦስት አቅጣጫ ያሳያል። ፈታሹ ቦርሳውን ስክሪኑ ላይ ማዞር፣ ላፕቶፑን ከምስሉ ላይ አንስቶ ከሥሩ ያለውን ማየት ይችላል። የአምስተርዳሙ ስኪፖል ለዚህ ምሳሌ ነው። እዚያ ላፕቶፑም ፈሳሹም ቦርሳ ውስጥ እንዳሉ ያልፋሉ። ማሽኑ ውድና ከባድ ስለሆነ ሁሉም ቦታ በአንዴ አልገባም። እንዲያውም በአንድ አየር ማረፊያ ውስጥ አንዱ መስመር አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለፈው ያደረጋችሁትን ሳይሆን ፊት ለፊታችሁ ያለው ሠራተኛ ያለውን አድርጉ። ቦሌ ደግሞ ገና ተርሚናሉ በር ላይ አንድ ፍተሻ አለ፣ ወደ ጌት ከመሄዳችሁ በፊት ሌላ ስለሚጠብቃችሁ ላፕቶፑን ከሻንጣው ሆድ ሥር አትቅበሩት።

በርበሬ ካነሳን አይቀር፣ ከ2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ መያዝ ጣጣ አለው። ተጨማሪ ፍተሻ ይጠብቀዋል፣ ካልተጣራም ይቀራል። ሽሮና በርበሬውን ከታች ጫኑት።

ይሄ ሁሉ ፍርሃት ከየት መጣ?

በታኅሣሥ 1988 የፓን አም በረራ 103 ስኮትላንድ ውስጥ ሎከርቢ በምትባል ከተማ ላይ በአየር ላይ ፈነዳ። 270 ሰው ሞተ፣ 11ዱ መሬት ላይ የነበሩ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። ፈንጂው የተደበቀው ሻንጣ ውስጥ በነበረ የቶሺባ ሬዲዮ ካሴት ውስጥ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኤሌክትሮኒክስ በፈታሽ ዓይን «ዕቃ» ብቻ መሆኑ ቀረ።

ሁለተኛው ለእኛ ቅርብ ነው። የካቲት 2016፣ ከሞቃዲሾ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ የዳሎ አየር መንገድ አውሮፕላን ከተነሳ ከደቂቃዎች በኋላ ጎኑ ተበሳ። ፈንጂው ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። አውሮፕላኑ ገና ከፍታውን ስላልጨረሰ በውስጡና በውጭው አየር መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ብዙ አልነበረም፣ ስለዚህ አካሉ አልተበታተነም። አብራሪው ተመልሶ ሞቃዲሾ አሳረፈው። የሞተው ላፕቶፑን የያዘው ሰው ብቻ ነው፣ በተበሳው ቀዳዳ ተስቦ ወጣ። ጥቃቱን አልሸባብ እኔ ነኝ አለ። በኋላ የወጣው የካሜራ ምስል ላይ ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው የአየር ማረፊያ ሠራተኛ የሚመስል፣ ላፕቶፕ የሚመስል ነገር ለዚያ መንገደኛ ሲያቀብሉት ይታያል። ይሄ የዛሬ ዘመን ታሪክ ነው፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ የሚርቅ ከተማ ላይ የተፈጸመ።

ሁለቱ ፍርሃቶች የተጋጩ ጊዜ

መጋቢት 2017 አሜሪካ አንድ ከባድ እርምጃ ወሰደች። በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ በስምንት አገሮች ካሉ 10 አየር ማረፊያዎች በቀጥታ ወደ አሜሪካ ለሚበሩ መንገደኞች ከስልክ የሚበልጥ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ በእጅ መያዝ ተከለከለ። ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ ካሜራ፣ ሁሉም ከታች ይጫን ተባለ። እንግሊዝም የራሷን ተመሳሳይ ክልከላ አወጣች።

አዲስ አበባ በአሜሪካው ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። ግን ዱባይ፣ ዶሃ፣ አቡ ዳቢ፣ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ኢስታንቡል፣ ካይሮ ነበሩ። በእነዚህ በኩል ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሐበሻ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ መንገደኛ ከአሥር ሰዓት በላይ ያለ ሥራ ቁጭ አለ። ኤሚሬትስና ኳታር ውድ መቀመጫ ለሚገዙ ደንበኞቻቸው ታብሌትና ላፕቶፕ እስከ ማዋስ ደረሱ። ኢኮኖሚ ያለው ሰው ፊልም ይይ።

የክልከላው ሐሳብ ግልጽ ነው። ፈንጂ ያለበት ላፕቶፕ ልክ እንደ ዳሎው አውሮፕላን መስኮት አጠገብ መቀመጥ አይችልም። ግን የእሳት ጉዳይ የሚያሳስባቸው ባለሙያዎች ወዲያው ጮኹ። በመቶ የሚቆጠር የሊቲየም ባትሪ ማንም ሰው በማይደርስበት የጭነት ክፍል ውስጥ እያጨቃችሁ እኮ ነው አሉ።

ጩኸታቸው ባዶ አልነበረም። የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር በዚያው ዓመት የሙከራ ውጤት አቅርቧል። ሻንጣ ውስጥ ያለ ላፕቶፕ ባትሪ ሆን ተብሎ እንዲግል ተደረገ። በአንዱ ሙከራ ከላፕቶፑ ጎን የሚነፋ የፀጉር ደረቅ ሻምፑ ቆርቆሮ ነበር። እሳቱ ወዲያው ተነሳ፣ በ40 ሴኮንድ ውስጥም ፈነዳ። በጭነት ክፍል ውስጥ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ያንን ለማስቆም የሚበቃ ጊዜ አያገኝም። በአንድ ሻንጣ ውስጥ ሽቶ፣ ዲኦድራንትና ላፕቶፕ አንድ ላይ የማይጭን ሰው አለ?

ክልከላው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተነሳ። አየር መንገዶቹና አየር ማረፊያዎቹ ጠንከር ያለ ፍተሻ ለማድረግ ተስማምተው ነው የተነሳው። ዛሬ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ጌቱ ላይ ድጋሚ ቦርሳችሁን ከፍተው፣ በጨርቅ ላፕቶፑን ጠረግ ጠረግ አድርገው ጨርቁን ማሽን ውስጥ ሲያስገቡት ካያችሁ የፈንጂ ብናኝ እየፈለጉ ነው። አትደንግጡ። አንዳንድ የእጅ ሎሽን እንኳ ማሽኑን ያስጮኸዋል፣ እንደገና ይፈትሹና ይለቋችኋል።

ባትሪ ሲነሳበት

የሊቲየም ባትሪ ሲጎዳ፣ ሾርት ሲያደርግ ወይም ሲበላሽ የራሱ ሙቀት ራሱን እያባሰ ይሄዳል። አንዱ ክፍል ሲነድ ጎኑ ያለውን ያነዳል። ነበልባሉን አጠፋሁት ስትሉ ከውስጥ ያለው ሙቀት እንደገና ያስነሳዋል። ስለዚህ መፍትሔው ውኃ እያፈሰሱ ማቀዝቀዝ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሰው እጁ መድረስ አለበት። መንገደኞች መሃል ከሆነ አንድ ሰው ጭሱን ያያል፣ አስተናጋጇ ትደርሳለች። ከታች ከሆነ ማንም አያየውም። ፓወር ባንክ፣ ትርፍ ባትሪና ቬፕ በእጅ ሻንጣ ብቻ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2010 ከዱባይ የተነሳ የዩ.ፒ.ኤስ የጭነት አውሮፕላን ብዙ የሊቲየም ባትሪ ጭኖ ነበር። በጭነቱ ላይ እሳት ተነሳ፣ ጭሱ አብራሪዎቹ ያሉበትን ክፍል ሞላው፣ ሁለቱም ሞቱ። በጥር 2025 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ለመነሳት ሲዘጋጅ ከላይ ካለው የዕቃ መደርደሪያ እሳት ተነሳ። 176ቱም ሰዎች ወጡ፣ አውሮፕላኑ ግን ጣሪያው ተቃጠለ። መርማሪዎች ምክንያቱ ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ኮሪያ ፓወር ባንክን ከላይ መደርደሪያ ውስጥ ማስቀመጥ ከለከለች። ኤሚሬትስም ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ በፓወር ባንክ ስልክ መሙላትን ከልክሏል። አንድ ብቻ መያዝ ይቻላል፣ እሱም አጠገባችሁ እንጂ ከላይ አይሆንም።

ባትሪ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ እንደማይቻል የእኛም አየር መንገድ ያውቃል። ሐምሌ 2013 ሄትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ ድሪምላይነር ከጭራው በኩል ተቃጠለ። የመንገደኛ ዕቃ አይደለም ምክንያቱ። አውሮፕላን ሲከሰከስ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው መሣሪያ ውስጥ ያለ የሊቲየም ባትሪ ነው። መርማሪዎቹ ሽቦው ክዳኑ ሥር ተጣብቆ ሾርት ማድረጉን ደረሱበት። ያ በጣም ትንሽ ባትሪ ነው።

ሂሳቡ

ወደ ፓወር ባንኬ ልመለስ። ደንቡ የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ ይያዛል፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከ160 በላይ ጨርሶ አይቻልም። ፓወር ባንክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ለመቀየር ቁጥሩን በ3.7 አባዙት፣ ለ1,000 አካፍሉት። ባለ 10,000ው 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባለ 20,000ው 74 ነው፣ በደንብ ያልፋል። 27,000 ሲሆን ወሰኑ ጫፍ ላይ ትደርሳላችሁ። የእኔ 50,000 ደግሞ? 185። ጨርሶ የተከለከለ!

በእውነት ግን ያን ያህል አይዝም ነበር። ነጋዴው ይሸጥልኛል ብሎ ያጋነነውን ቁጥር ፈታሿ አመነችው፣ ምክንያቱም የተጻፈውን ከማንበብ ሌላ መለኪያ የላትም። ጽሑፉ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነም ሊወሰድባችሁ ይችላል። ቻይና ከሰኔ 2025 ጀምሮ በአገር ውስጥ በረራ የራሷ የጥራት ምልክት የሌለውን ፓወር ባንክ አታሳልፍም፣ ጓንጁ ደርሳችሁ ወደ ሌላ ከተማ የምትቀጥሉ ነጋዴዎች ይሄ እናንተን ይመለከታል።

ላፕቶፕ ላይ ጭንቀት የለም፣ አብዛኛው ከ100 በታች ነው። ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ባትሪው 100 ላይ የቆመው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ላፕቶፕ ከታች መጫን የግድ ከሆነባችሁ «ስሊፕ» ላይ አድርጋችሁ አትተዉት፣ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፣ በልብስም ይጠቅለል። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ግን በእጅም ከታችም ይዞ መሄድ አይቻልም። አስጠግኑት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አንድ አለ፣ ጌት ላይ። አውሮፕላኑ ሲሞላ ሠራተኞቹ «የእጅ ሻንጣችሁን ከታች እንጫንላችሁ» ይላሉ። እኛም ሸክም ቀለለን ብለን ደስ ይለናል። እዚያች ደቂቃ ላይ ፓወር ባንኩን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። በእጅ ሻንጣ ተብሎ የገባው ባትሪ አሁን ከታች ሊሄድ ነው።

ስልካችሁንም ሞልታችሁ ሂዱ። ከ2014 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ አንዳንድ በረራዎች ላይ ፈታሹ «አብራው» ሊል ይችላል፣ ካልበራ አይሳፈርም። ባትሪው ወጥቶ ሌላ ነገር ገብቶበት ከሆነ አይበራም የሚል ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ግን አትምታቱ። ፈታሹ የሚፈልገው ዕቃውን ነው፣ ፎቶና ቴሌግራማችሁን አይደለም። እዚያ ደርሳችሁ ስልካችሁን ከፍቶ ውስጡን ማየት የሚችለው የድንበር ፖሊሱ ነው፣ የአሜሪካ ሕግ ለእሱ ሰፊ ሥልጣን ይሰጠዋል።

አደራ

የቀረው ጉዳይ በማሽን የማይታይ ነው። እኛ ዕቃ በሰው እንልካለን። ዱባይ ያለች እህት ለወንድሟ ስልክ፣ ዲሲ ያለ አጎት ለእህቱ ልጅ ላፕቶፕ። የሚሄድ ሰው ተገኘ ከተባለ ማታውኑ በሩ ይንኳኳል። እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ሚያዝያ 1986 ሄትሮው ላይ ወደ ቴል አቪቭ በሚሄድ የኤል አል በረራ ልትሳፈር የነበረች ነፍሰ ጡር ሴት ቦርሳዋን ተፈተሸች። ቦርሳውን የሰጣት እጮኛዋ ነው፣ እሷ ወደ ቤተሰቦቹ የምትሄድ መስሏታል። ከቦርሳው ሥር ፈንጂ ተገኘ። ማፈንዳቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ደግሞ ካልኩሌተር ውስጥ ነበር። ሴትየዋ ምንም አታውቅም ነበር፣ ያወቀችው ሲያዝ ነው። እጮኛዋ 45 ዓመት ተፈረደበት። ፈታሾች እስከ ዛሬ «ቦርሳህን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው? ሰው የሰጠህ ነገር አለ?» የሚሉት ለወግ አይደለም።

ሎከርቢም፣ ዳሎም፣ ይቺም ሴት ጋ ያለው ዕቃ የሚያስፈራ አልነበረም። ሬዲዮ፣ ላፕቶፕ፣ ካልኩሌተር።

እኔ አሁን ሰው ላፕቶፕ አድርስልኝ ሲለኝ ካርቶኑን ፊቴ እንዲከፍተው እጠይቃለሁ። አብርቶ ያሳየኛል፣ ቻርጀሩን አያለሁ፣ ባትሪው አብጦ እንደሆነ ጀርባውን እዳስሳለሁ፣ ከእኔ ልብስ ጋር ራሴ እጠቀልለዋለሁ። በፕላስተር የታሸገ አልቀበልም። አንድ የቤተሰብ ወዳጅ «አታምነኝም እንዴ?» ብሎ ተቀይሞኝ ሄዷል። በሳምንቱ ደውሎ ላፕቶፑን በሌላ ሰው መላኩን ነገረኝ። ያም ሰው አስከፍቶት ኖሯል።